ስልሳውንም የሳተው ጁሀር

የምረቃ መጽሔታችን አዘጋጅ ኬሪያ ናት። ሥራውን ስትከፋፍል ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ገጽ ሰጠች። ለእኔ ሲደርስ «አንቺ ስለ ጁሀር ጻፊ፤ አፍሽ ስለማያርፍ ብዙ ታውቂያለሽ» አለችኝ። እኔ ጀና ነኝ፤ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነገር ተናግሬ አላውቅም። የተረፈውን የት እንደምታደርገው እሷ ትጨነቅበት።

ትምህርት ቤታችን ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ ውስጥ ያለ ኪራይ ቪላ ነው፤ የሐበሻ ልጆች ነን የምንማርበት። ሳሎኑ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ወጥ ቤቱ ደግሞ ላቦራቶሪ። ኬሚስትሪን የተማርነው የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ጠብ ጠብ እያለ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ዐሥራ ዘጠኝ ነበርን፤ የምንመረቀው ሰባት ነን። የቀሩት አልሞቱም፣ አልወደቁምም። ክረምት ሲመጣ «ለእረፍት አገር ቤት ልንሄድ ነው» ይላሉ፤ ትምህርት ሲከፈት ወንበራቸው ባዶ ነው። የአባት ሥራ ያበቃል፣ ፓስፖርቱ ላይ የመጨረሻ መውጫው፣ ኹሩጁ ይመታል፣ ልጅ ከሻንጣ ጋር ተጠቅልሎ ይሄዳል። «በዚያው መሄዴ ነው» ብሎ የተሰናበተን አንድ ሰው የለም። ስለዚህ እኛም ደህና ሁን ማለት ሳንለምድ አደግን።

ጁሀር የተገላቢጦሽ ነው። ሰው ሁሉ ሲሄድ እሱ አልሄድም አለ። እኛ ዐሥረኛ ክፍል ሳለን ዐሥራ ሁለተኛ ነበር። ዐሥራ አንደኛ ስንገባም ዐሥራ ሁለተኛ ነበር። እኛ ዐሥራ ሁለተኛ ስንደርስ ደግሞ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። በር ሲያልፍ ጎንበስ ይላል፤ ጺሙ ሞልቷል። አዲስ የገቡ የአንደኛ ክፍል ልጆች ዳይሬክተሩ እየመሰላቸው ከሚሮጡበት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እሱም አያሳፍራቸውም፤ «ሸሚዝህን አስገባ» ብሎ ያልፋል።

የክፍል ምረቃ ፎቶ የሚያነሳውም እሱ ነበር። ደጋሚ ጋውን አይለብስም፣ ጋውን ያልለበሰ ደግሞ ፎቶው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ስልክ ይዞ ከፊት ይቆምና «ጠጋ በሉ፣ አገጭ ዝቅ» ይላል። ሁለት ክፍል እንዲህ አድርጎ አስመርቋል። የሁለቱንም መጽሔት አገላብጣችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም።

የሚያናድደው ደደብ አለመሆኑ ነው። ኡስታዝ ሙሕሲን፣ የሒሳብ አስተማሪያችን፣ ሰሌዳውን ሞልተው ሲወጡ ክፍሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ «ምን አሉ?» ይላል። ጁሀር በሁለት ቃል ያስረዳናል። ፈተና ሲመጣ እኛ እናልፋለን፣ እሱ በሁለትና በሦስት ነጥብ ይወድቃል። ለዚህም በየፊናችን ምክንያት አበጅተንለት ነበር። ወንዶቹ ፈተና ያስደነግጠዋል ይላሉ። ኬሪያ ዓይን በልቶታል ትላለች። እኔ ስንፍና ነው ባይ ነበርኩ።

አባቱ ዐሚ ዓብዱ ዐቅረቢያ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ መካከል፣ በአሠሪያቸው በካፊሉ የስፌት ወርሻ ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ናቸው። በወጣትነታቸው ከከሚሴ ወጥተው እዚሁ ሸመገሉ። ሚስታቸውና ሴቶቹ ልጆቻቸው አገር ቤት ገብተዋል፤ እዚህ የቀሩት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ዐሚ ዓብዱን ሰፈሩ የሚያውቃቸው በስፌታቸውና በድምፃቸው ነው፤ ድምፃቸው ይቀድማል። የልጃቸውን መውደቅ እንደ ሌላ አባት አይደብቁም፣ እንደ ማስታወቂያ ይለፍፉታል እንጂ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ በሩ ላይ ለቆመ ደንበኛ ሁሉ። «የኔው ደግሞ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ይዞ አልለቅም አለ። ጭንቅላቱ ሲሚንቶ ነው፤ ያውም የደረቀ!»

ጁሀር አጠገባቸው ቆሞ ስፖንጅ ይቆርጣል። ፈገግ ይላል እንጂ ቃል አይመልስም። እኔ አባቴ በሰው ፊት እንዲህ ቢለኝ ኖሮ ዐቅረቢያ በሙሉ ይሰማኝ ነበር።

ዘንድሮ ግን ማልን። ጁሀር ከእኛ ጋር ጋውን ይለብሳል አልን። ከትምህርት በኋላ ተራ ገብተን እናስጠናው ጀመር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ያ ነበር። ኬሪያ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ስለ ሎጋሪዝም ላብ እስኪያጠምቃት ታስረዳዋለች። እሱ አገጩን ይዞ በትዕግሥት ያዳምጣታል፤ በመጨረሻ «እዚህ ጋ ምልክቷ ተገልብጣለች» ይላታል። ቀና ብላ ስታይ እውነትም ተገልብጣለች። ይህ ሁሉ እየሆነ አንዳችንም አልነቃንም።

ከማጠቃለያው ፈተና በፊት ኬሪያ የመጽሔቱን ረቂቅ አሳየችን። በየስማችን ሥር አንድ መስመር ጽፋለች። በጁሀር ስም ሥር የነበረው «ባይሳካለትም እስከ መጨረሻው የሞከረ ወንድማችን» የሚል ነው። ከልቧ ነው የጻፈችው፤ ኬሪያ ክፋት አታውቅም። ጁሀር አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፣ ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት።

«ወንድማችን የሚለው ጥሩ ነው» አለ።

ፈተናውን ተፈተንን። በሚቀጥለው ሳምንት ኡስታዝ ሙሕሲን የታረመውን ይዘው ገቡ። ሌላ ጊዜ ስም እየጠሩ ያድላሉ፤ ያን ቀን አንዱን ወረቀት ብቻ መዘው ሌላውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ጁሀር፣ ተነሥ» አሉ። ተነሣ። «ስልሳ ጥያቄ ነው ያወጣሁት። ለእያንዳንዱ አራት ምርጫ አለው። ፍየል አምጥቼ በሰኮናዋ ምልክት ባስደርጋት ዐሥራ አምስቱን ታገኝ ነበር። አንተ አንድ አላገኘህም።»

ከወንዶቹ ረድፍ ሳቅ ተሰማ። ኡስታዝ አልሳቁም።

«ስልሳውንም ለመሳት ስልሳውንም ማወቅ ያስፈልጋል» አሉ። «እኔን ምን አድርገህ ነው የምታየኝ?»

ጁሀር ጫማውን አየ። «ወድቄያለሁ፣ ኡስታዝ። ይመዝገብልኝ።»

«ለምን?»

«ለኢቃማው» አለ።

ሌላ መናገር አላስፈለገውም፤ እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እኛ ሴቶቹ እስክናገባ በአባታችን የመኖሪያ ፈቃድ፣ በኢቃማው ሥር እንኖራለን። ወንድ ልጅ ግን ዕድሜው ከፍ ካለ የሚቆየው ተማሪ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሲያመጣ ነው። ትምህርቱን ከጨረሰ ተማሪ አይደለም፤ ተማሪ ካልሆነ ይሄዳል። የአባቱ ካፊል በሠራተኛነት ሊያዛውሩት ሞክረው «ማፊ»፣ አይሆንም ተብለው ተመልሰዋል። ስለዚህ ጁሀር ያገኘው መንገድ ተማሪ እንደሆነ መቅረት ነበር። እኛ ላለመውደቅ ስንደክም እሱ ላለማለፍ ይደክም ነበር።

ኡስታዝ ሙሕሲን የተማሪ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሲያስተምሩ ተቀምጠው አይተናቸው አናውቅም።

«ያለፉትም ዓመታት እንዲሁ ነው?»

«አዎ፣ ኡስታዝ።»

«ታዲያ ዘንድሮም በሁለት ነጥብ አትወድቅም ነበር? ማን ያውቅብህ ነበር?»

ጁሀር ወደ ኬሪያ አየ። «ሰነፍ ቢሉኝ ምንም አልነበረም» አለ። «‹ባይሳካለትም› ተብሎ ተጻፈብኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጁሀርም ሳቀ። ኬሪያ ብቻ ማልቀስ ጀመረች፤ ይቅርታ እንዳትል እንኳ ሳጓ አላስችል አላት። የአባቱን ስድብ ሦስት ዓመት የተሸከመ ሰው የኬሪያን ምስጋና አንድ ሳምንት መሸከም አቃተው። ኩራት እንዲህ ነው፤ ሰውየውን አላስፈላጊ ቦታ ላይ ያጋልጠዋል።

ኡስታዝ ሙሕሲን ዜሮውን እንደማይመዘግቡ ነገሩት። «ውሸት ላይ አልፈርምም። በሚቀጥለው እሑድ ደግመህ ትፈተናለህ።»

«ደግሜም እወድቃለሁ።»

«ያኔ ደግሞ እንተያያለን» ብለው ወጡ።

እንደወጡ ከበብነው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ምህንድስና እንደሚወድ እናውቃለን፣ ምን አስቀመጠህ አልነው። «ባባ ብቻውን ይሆናል» አለና ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ። በሬ የሚያህሉ ሰው ብቻቸውን ቢሆኑ ምን ይሆናሉ? እኔ ደሜ ፈላ። ይህ ልጅ ለአባቴ ብሎ የገዛ ጭንቅላቱን ቀብሮ፣ አባትየው በር ላይ ቆመው ሲሚንቶ ይሉታል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ዝም ማለቱን ማን አስተምሮኝ። ከዐስር ሶላት በኋላ ኬሪያን እየጎተትኩ ዐቅረቢያ ሄድኩ።

ጁሀር ቆዳ ሊገዛ ደማም ሄዶ ነበር። ዐሚ ዓብዱ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቆምን፤ ሰላምታ እንዲሰጡን ጠበቅን።

«ማነው?» አሉ።

«ጀና ነኝ፣ ዐሚ ዓብዱ። የዓብደላ ልጅ።»

«ኦ! ጀና! ማሻአላህ፣ ቁመትሽ ጨመረ።»

ቁመቴ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት፤ የመጣሁት ለጠብ ስለሆነ ቶሎ ወደ ጠቡ ገባሁ። «ጁሀር ሒሳብ ዜሮ አገኘ» አልኳቸው።

የለመዱትን ሊናገሩ አየር ሳቡ። «አላልኩም? ሲሚንቶ! ሞኝና ወረቀት...»

«ሲሚንቶ አይደለም!» አልኩ። መንገደኛ ዞር ብሎ አየኝ። የፍየሏን ነገር፣ የስልሳውን ጥያቄ፣ የኢቃማውን ነገር፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም።

«ስልሳውንም ያውቀው ነበር?» አሉ።

«ስልሳውንም።»

«ያለፈውንም ዓመት?»

«ያለፈውንም።»

ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ተከተልናቸው። ሲሄዱ መዳፋቸው ግድግዳውን ይዞ ይሄድ ነበር። ከግድግዳው ወደ ስፌት ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ በርጩማው ዳብሰው ተቀመጡ። ማሽኑ ላይ ያላለቀ የወንበር ልብስ ነበር፣ ቀይ ክሩ ጥቁሩን ቆዳ ይዞ ቀጥ ያለ። ጣታቸውን በስፌቱ ላይ አስኬዱት።

«ይህን ማን የሰፋው ይመስልሻል?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«እኔ ክር ካየሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ» አሉ። «ስኳር ነው። ሐኪሙ ሬቲና ሬቲና አለኝ፤ ኸላስ፣ አበቃ ማለቱ ነው። ብርሃኑ አለ፣ ሰው ሲቆም ጥላውን አያለሁ። መርፌ ግን የለም። እኔ በሩ ላይ ሆኜ እጮኻለሁ፣ ዋጋ እነጋገራለሁ፣ እሱ ከመጋረጃው ኋላ ይሰፋል። ካፊሉ ደግ ሰው ነው፤ ግን የማያይ ሰፊ ምን ያደርግለታል? አገር ቤት ያሉት ሴቶች ልጆቼ የሚማሩት በዚህ ማሽን ነው።»

ኬሪያ ስፌቱን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«አላህ የኔን ዓይን ሲወስድ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዝቅ ሲል ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ፣ «የልጁን ጭንቅላት ዘግቶ እዚህ አስቀረልኝ እያልኩ ነበር። በሰው ፊት እሰድበዋለሁ፤ ስሰግድ ደግሞ ስለ ድንቁርናው አመሰግን ነበር። ተዘግቶ አልነበረም?»

«አልነበረም» አልኳቸው።

ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ልጣላቸው የመጣሁትን ሰውዬ ውኃ ልስጥዎ ማለት ጀመርኩ። ኬሪያ እጅጌዬን ይዛ አወጣችኝ።

ከዚያ ወዲያ ያደረጉትን የሰማሁት ከሰው ነው። በማግስቱ ካፊሉን አስጠርተው ዓይኔ ጠፍቷል አሏቸው። ካፊሉ አላመኑም፤ እጃቸውን በዐሚ ዓብዱ ፊት አወዛወዙ። ዐሚ ዓብዱ ዓይናቸውን አላርገበገቡም። ካፊሉ እጃቸውን መልሰው «ምን ላድርግልህ፣ ያ ዓብዱ?» አሉ። ዐሚ ዓብዱ ኹሩጅ ጠየቁ፤ የእሳቸውንም የልጃቸውንም። ጁሀር የሰማው ከተመታ በኋላ ነው። እኔን ማናገር አቆመ፤ በኮሪደር ሲያልፈኝ እንደ ግድግዳ ነበርኩ። ይገባኛል። የሦስት ዓመት ሥራውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያፈረስኩበት እኔ ነኝ። ቢሆንም ዛሬ ያ ቀን ቢደገም ዐቅረቢያ መሄዴ አይቀርም።

እሑድ ጠዋት አባትና ልጅ አብረው መጡ። ዐሚ ዓብዱ እጃቸውን ጁሀር ትከሻ ላይ አድርገው ነበር የሚሄዱት። የማያውቁት የክፍል ልጆች በአንዴ አወቁ፤ ማንም አልጠየቀም። ኡስታዝ ሙሕሲን ወንበር ሰጧቸው። ዐሚ ዓብዱ ግን ከኋላ፣ ከልጃቸው አጠገብ ካልሆነ አሉ።

ወረቀቱ ተሰጠው። ጁሀር እርሳሱን አላነሳም። እኛ የመጽሔት ሥራ አለን ብለን በሳሎኑ በር ተኮልኩለን እናያለን። ብዙ ተቀመጠ።

«አልሰማሁህም» አሉ ዐሚ ዓብዱ።

«ምኑን፣ ባባ?»

«እርሳሱን።»

ጁሀር ወደ አባቱ ዞረ።

«አሁን የምትወድቅለት ነገር የለም፣ ልጄ» አሉ። «ኹሩጁ ተመቷል። ማሽኑን ለካፊሉ አስረክቤያለሁ። ሴቶቹ ልጆቼም ወንድም አላቸው። ሥራ።»

ጁሀር በእጅጌው ፊቱን ጠረገና እርሳሱን አነሳ። ከዚያ በኋላ በክፍሉ የሚሰማው እሱ ብቻ ነበር። ዐሚ ዓብዱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሬዲዮ እንደሚሰማ ሰው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ጁሀር ሃምሳ ስምንት አገኘ፤ ለጎደሉት ሁለቱ ከኡስታዝ ጋር ግማሽ ቀን ተከራከረና አንዷን አስመለሰ።

የምረቃውን ሽርሽር ኒስፍ አልቀመር፣ ባሕሩ ዳር አደረግነው፤ ወላጆች ያሏቸውን መኪኖች ሰብስበው አንድ ሻሌ፣ የመዝናኛ ቤት፣ ተከራዩልን። ሙቀቱ ይጠብሳል፣ እኛ ደግሞ በዚያ ላይ ጥቁር ጋውን ደርበናል። ጁሀር የተረፈውን ጋውን ለብሶ ጉልበቱ ላይ ቀርቶበታል። ሁላችንንም ሰብስቦ «እኛ በሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን» አለ። «ለእረፍት አይደለም። በዚያው ነው።» በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የነገረን እሱ ብቻ ነው፤ ምን እንደሚባል ስለማናውቅ ተራ በተራ ጨበጥነው።

ከዚያ እንደ ልማዱ ስልኩን ይዞ ከፊታችን ቆመ። «ጠጋ በሉ» አለ። ትንሽ ቆየና «ጀና፣ አገጭሽን ዝቅ» አለኝ። ከሳምንታት በኋላ የነገረኝ የመጀመሪያ ነገር ነው። ዝቅ አደረግሁ።

«ስጠኝ» አሉ ዐሚ ዓብዱ ከጥላው ሥር ተነሥተው። «ዛሬ አንተ ግባ።»

«ባባ፣ ይቅር...»

«ስጠኝ አልኩህ!»

ጁሀር ስልኩን በእጃቸው አስያዘ፣ ጣታቸውን የሚጫነው ቦታ ላይ አኖረና መጥቶ ከመሃል ቆመ። ዐሚ ዓብዱ ስልኩን ወደ ባሕሩ፣ ወደ ሻሌው፣ ወደ እኛ አዞሩት።

«ሳቁልኝ» አሉ። «የት እንዳላችሁ ልወቅ።»

ሳቅን። መጀመሪያ ለእሳቸው ብለን ነበር፤ ኋላ ግን የእውነት ሆነብን፣ በተለይ ጁሀር ሲስቅ ድምፁ ከሁላችንም በላይ ነው። ስልኩ ቀጭ አለ።

«ወጣ?» አሉ።

ጁሀር ሮጦ ተቀበላቸውና አየው። «ወጥቷል፣ ባባ። በጣም ቆንጆ ነው። ሁላችንም አለን።»

ተሻምተን አየነው። ሰማይ ነው። ከታች በኩል፣ ከጫፉ ላይ፣ የስድስታችን ቆብ ተደርድሯል፤ ከቆቡ በታች ማናችንም የለንም። ከመሃል ግን ቁመቱ ያወጣው አንድ ሰው፣ እስከ ደረቱ፣ ከጺሙ መሃል አፉን ከፍቶ ይስቃል። ኬሪያ እንደገና እንነሣ ልትል አፏን ስትከፍት እግሯን ረገጥኳት። በመጽሔቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የምታዩት ያ ፎቶ ነው።

ዐሚ ዓብዱ ወደ እኔ ዞሩ፤ ልጃቸው እንደሚያሞኛቸው ጠርጥረዋል መሰለኝ።

«ጀና፣ አንቺ አትዋሺም» አሉኝ። «ጁሀር ገብቷል?»

«እሱ ገብቷል» አልኳቸው።